ምንም ሳይጨመርበት የከበደው ፕሮግራም

ግንቦት 10 ቀን 2016፣ አምቦ

ጥፋተኛው ሮብሳን ነው። ስሙን በአፌ አልጠራውም። የልጄ የለንሳ ባል ነው፤ በእኛ ወግ አማትና አማች ስም አይጠራሩም፣ ፊት ለፊት አይነጋገሩም፣ አንድ ገበታ ላይ አይቀርቡም። እሱ ሲገባ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ፤ እኔ ስገባ እሱ ተነስቶ ይወጣል። የግድ የምንነጋገረው ነገር ካለ ለንሳ መሀል ሆና ታመላልሳለች። ከተጋቡ ጀምሮ "የለንሳ ሰው" እያልኩ ኖሬያለሁ። ወረቀት ግን አፍ አይደለም። ሮብሳን። ይኸው ጻፍኩት።

ዛሬ ጊንጪ ገበያ መሀል አዋረደኝ። እሱ አምቦ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለችው የስልክ መጠገኛ ሱቁ አልተነቃነቀም። ያዋረደኝ የሠራው ነገር ነው።

ፊደል የሚያስተምር የስልክ ፕሮግራም ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ሠራው። ፊደሉን በጣት ሲነኩት ይናገራል። ድምፁ የእኔ ነው። አዴ ሲንቄ፣ ወይዘሮ ሲንቄ ማለታቸው ነው፣ እያሉ የሚጠሩኝ የደንዲና የወንጪ ሴቶች ድምፄን ስለሚያውቁት ተመረጥኩ፤ ሠላሳ ዓመት ቅቤ ከእነሱ እየገዛሁ አምቦ አምጥቼ ስሸጥ ኖሬያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ግን በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ጡረታ የወጣችው መምህር ጎረቤቴ ፈትለወርቅ ግቢ ውስጥ፣ ከልጅ ልጆቿ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ። እስከዚያ ድረስ ሰው ያነበበልኝን አምኜ በአውራ ጣቴ ፈርሜያለሁ። ምን ምን ላይ እንደፈረምኩ ዛሬም አላውቅም። ሌላ ሴት እንዲህ ሆና እንድትቀር አልፈልግም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ፕሮግራሙን በሜሞሪ ካርድ ይዤ በየገበያው እዞራለሁ። አርባ ሴቶች ስልክ ላይ ጭኛለሁ። ስልኮቹ አብዛኞቹ ባል የጣላቸው ወይም ከተማ ያለ ልጅ የተዋቸው ናቸው፤ መስታወታቸው የተሰነጠቀ፣ ውስጣቸው በመዝሙርና በፎቶ የታጨቀ።

ዛሬ ለንሳ "አዲሱ ነው" ብላ የሰጠችኝን ካርድ ይዤ ሄድኩ። ቦታ እንዲለቅ አሮጌውን አጠፋሁና አዲሱን ልጭን ብል "በቂ ቦታ የለም" አለኝ። ጥፋቱ የዚያ ስልክ መስሎኝ ወደ ቀጣዩ አለፍኩ። እዚያም አሮጌውን አጠፋሁ፣ አዲሱ እምቢ አለ። እንዲህ እያልኩ ከሰባት ሴቶች ስልክ አሮጌውን ካጠፋሁ በኋላ ነው የነቃሁት። ካርዱ ላይ ደግሞ አሮጌው የለም። መልሼ የምሰጣቸው አልነበረኝም።

ቢሊሴ የምትባለው ቅቤ ሻጭ፣ ከሁሉም ቀድማ ማንበብ የጀመረችው፣ ስልኳን ከፍ አድርጋ "ምኑን ላጥፋ አዴ ሲንቄ? የልጆቼን ፎቶ ወይስ የባሌን መዝሙር?" አለች።

"የባልሽን" አሉ ሌሎቹ ባንድ አፍ።

ተሳቀ። አንዷ ደግሞ አፑ እንደ እኔ በስተርጅና ወፍሮ እንደሆነ ጠየቀች። እኔም ሳቅሁ። የሳቀው ጥርሴ ነው።


ግንቦት 11

ለንሳ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መጣች። ሂጂና ጠይቂው አልኳት። ሄዳ ጠይቃው ተመለሰች። መልሱ ይኸው፦ ምንም አልጨመረበትም። እሱ ከጻፈው አንድ መስመር አልተለወጠም። የኮምፒውተር ቋንቋ የሚባል ነገር አለ፤ ፕሮግራሙ የተጻፈው በእሱ ነው። ያ ቋንቋ በየጊዜው አዲስ እየተባለ ይወጣል። የተጻፈው ነገር ስልክ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቋንቋው ራሱ ይጠቀልለዋል። ሮብሳን የነበረው የሦስት ዓመት አሮጌ ነበር፤ በእሱ ሲጠቀለል አሥራ አንድ ሜጋባይት ይሆናል። ያው ጽሑፍ በአዲሱ ሲጠቀለል አሥራ ስድስት ሆነ።

"ያው ነው እማዬ። ጥቅልሉ ነው የከበደው" አለች።

ታዲያ በአሮጌው ይጠቅልለው አልኩ። ለሥራው ገንዘብ የሚሰጠው ድርጅት ከልክሏል አለችኝ። በአሮጌው የተጠቀለለ ነገር ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ አለው ብለዋል፤ ከአሁን በኋላ የሚቀበሉት አዲሱን ብቻ ነው።

ሠላሳ ዓመት ቅቤ መዝኛለሁ። ምንም ያልተጨመረበት ነገር ሲከብድ አላየሁም። ከከበደ አንድ ሰው አንድ ነገር ከቶበታል። ውሃ ይሆናል፣ ሙዝ ይሆናል፣ የተቀቀለ ድንች ይሆናል። የከተተው ሰውም ሲጠየቅ ሁልጊዜ ምንም አልጨመርኩም ነው የሚለው። ዓይን ዓይኔን እያየ የሚለኝን አውቅበታለሁ። ይኼኛውን ግን ዓይኑን አይቼው አላውቅም።


ግንቦት 17

ጊንጪ። ዝናብ። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ።

ሴቶቹ ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? አላውቅም ልበል? "ምንም አልጨመርኩም ይላል። ቅቤ ላይ ሙዝ የሚቀላቅለውም እንዲሁ ነው የሚለው" አልኩ። ይህንኑ ብቻ ነው ያልኩት።


ግንቦት 22

ፈትለወርቅ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። ጊንጪ ሴቱ ሁሉ የፊደሉን አፕ እያጠፋ ነው አለችኝ። ስልክ ላይ የሚያዳምጥ ነገር ተቀላቅሎበታል ተብሏል።

ማን አለ ብዬ ጠየቅኋት።

"አዴ ሲንቄ ነች ያለችው ነው የሚሉት።"

"እኔ ሙዝ ነው ያልኩት።"

"ሙዝማ አያዳምጥም፤ አንድ ሰው ጨምሮበታል" አለችና ሳቀች። ሳቋን ቶሎ መለሰችው። መንገድ ላይ ስልክ በሚፈተሽበት በዚህ ጊዜ ሴቶቹ ማስረጃ እስኪመጣላቸው አይጠብቁም፤ እኔም ብሆን አልጠብቅም።

ማዳመጥ የሚለውን ቃል እኔ አላወጣሁም። ያወጣው ይጠየቅ። እሱም ቢሆን ነገሩን በደንብ ቢያስረዳኝ ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር። በለንሳ አፍ ሁለት ዓረፍተ ነገር ልኮ ቁጭ አለ። ሁለት ዓረፍተ ነገር!


ሰኔ 3

ወንጪ ደርሼ ተመለስኩ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። ድሮ ቅቤ ስገዛት የኖርኩ አንዲት ሴትዮ ስታየኝ ስልኳን ልብሷ ውስጥ ከተተች። ሰላም አለችኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፣ ስልኩን ግን አላወጣችም። ከኋላዬ አንዷ ለሌላዋ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ፣ "አማቿ የሰጣትን ነው የምታዞረው፤ እሷ ውስጡን ምን ታውቃለች" አለች። የማልሰማ መስሏት ነው። ወይም እንድሰማ ነው።

ከአርባዎቹ ዘጠኝ ብቻ ቀርተውኛል።

ውስጡን ምን አውቃለሁ? እውነቷን ነው። ስንት ዓመት ያነበቡልኝን አምኜ ፈረምኩ፣ አሁን ደግሞ የጠቀለሉልኝን አምኜ እሸከማለሁ።


ሰኔ 7

የድርጅቱ አስተባባሪ አቶ ሥዩም ቢሮው ጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፣ የታሸገ ውሃ ከፈተልኝ። ወሬው ደርሶታል። ጉዳዩ እስኪጣራ ሮብሳን በዚህ ሥራ ላይ እንዳይቀጥል አግደነዋል አለኝ። ምንም አልተናገርኩም። ገበያ መሀል ያልኩትን ቢሮ ውስጥ ልክድ?

ከዚያ ወደ ሐሳቡ ገባ። አሥራ ሁለት አዲስ ስልኮች መጥተውለታል፤ ትልቁ ፕሮግራም እንደልብ ይገባባቸዋል። ነሐሴ ላይ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፤ አሥራ ሁለት ሴቶች በአዲሶቹ ስልኮች ፊታቸው ያነባሉ። የምመርጠው እኔ ነኝ።

የቀሩት ሃያ ስምንቱስ አልኩት።

"እማማ፣ ሁሉንም ማዳረስ አይቻልም። ስልካቸው ትንሽ ነው፤ እኛ ምን እናድርግ?"

እሺ ብዬ ወጣሁ። ቤት ስገባ ደክሞኝ ነው እሺ ያልኩት አልኩ ለራሴ። አይደለም። "እርስዎ ይምረጡ" ሲለኝ ደስ አለኝ። ወላጆቼ ባል መረጡልኝ፣ ባሌ ቤት መረጠልኝ፣ ነጋዴው ዋጋ መረጠልኝ። ምረጪ ያለኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው።


ሰኔ 16

ለንሳ ዛሬም አልመጣችም። ባለፈው እሁድም አልመጣችም። ደወልኩላት፤ ሥራ አለብኝ እማዬ አለች። የሮብሳን ድምፅ ከኋላዋ ይሰማል ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። አልተሰማም። ቤት ነው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ምን አገባኝ።

የምታመጣልኝን ሳሙና ራሴ ገዛሁ።


ሰኔ 22

ጊንጪ። አሥራ ሁለቱን መረጥኩ። ትጉህ የሆኑትን ነው የመረጥኩት። ወሬ የማይሰሙትን። እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ያላዞሩትን።

ቢሊሴን ተውኳት። ምላሷ ረጅም ነው።

ስወጣ አንዷ ከጆንያዎቹ ወዲያ "እጅ የነሷትን መረጠች" ስትል ሰማሁ። ዞር አልኩ፤ ሁሉም ጎመን ይመርጣሉ። ቢሊሴ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ። እንደማትፈራኝ አውቃለሁ፤ ለዚያም ነው ፊደሉ ቶሎ የገባት።

"ማንበብ የጀመርኩት በእርስዎ ድምፅ ነው። ድምፁን ከስልኬ አጠፉብኝ፣ አዲሱንም ስልክ ነሱኝ። ምን ቀረኝ አዴ ሲንቄ?"

"ስልክሽ ትንሽ ነው" አልኳት።

የአቶ ሥዩም ቃል ነው። ከእኔ አፍ እንዴት እንደወጣ እግዚአብሔር ይወቅ። መኪናው ጉደርን እስኪያልፍ... ምን ጉደር እጽፋለሁ፣ ከጊንጪ ሲመጣ ጉደር የለም። ጭንቅላቴ ዛሬ ልክ አይደለም።


ሐምሌ 1

ዛሬ ያደረግኩትን እናቴ ብትሰማ ከመቃብር ትነሳ ነበር።

ሮብሳን ሱቅ ሄድኩ። ብቻዬን። ለንሳ ሳትኖር። ሲያየኝ እንደ ወጉ ሊወጣ ተነሳ። ሱቁ በር አንድ ነው፤ በሩ ላይ ቆምኩበት። መውጫ ሲያጣ ፊቱን ወደ ስልክ ሽፋኖቹ መደርደሪያ አዞረ። እኔም ፊቴን ወደ ውጭ፣ ወደ ባጃጆቹ አዞርኩ። እንዲህ ጀርባ ለጀርባ ሆነን ነው የጀመርነው። ስልክ ሊያሠራ የመጣ አንድ ሰው በሩ ላይ አይቶን ሳይጠይቅ ተመለሰ።

"ይቀመጡ" አልኩ። ለእሱ ያልኩት የመጀመሪያው ቃል ነው። "ምን ጨመሩበት?"

"ምንም።"

"ያሳዩኝ።"

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው፤ እሱ ራሱ ግን መደርደሪያውን ማየቱን አልተወም። ኮምፒውተሩን ብቻ እንጂ ሰውየውን እንዳልመለከት ሰበብ ሰጠኝ። የጻፈውን አሳየኝ። አንድ ፊደል ሳይነካ በአሮጌው ቋንቋ ጠቀለለው፤ አሥራ አንድ። በአዲሱ ጠቀለለው፤ አሥራ ስድስት። ቁጥሩን ራሴ አነበብኩት። ማንም አላነበበልኝም።

አላመንኩትም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ መሀሉ ላይ ምን እንዳለ አላይም አልኩ። ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። አንድ ቃል ብቻ የሚል፦ ሰላም። ሌላ ምንም የሌለው። እሱንም በሁለቱም ጠቀለለው። አንዲቷ ቃል ብቻዋን በአሮጌው አራት ሜጋባይት ከምናምን ሆነች፤ በአዲሱ ዘጠኝ ገደማ።

ከሰላም ውስጥ ማንም ሙዝ አይከትም። ጥቅልሉ የራሱ ክብደት አለው። ሮብሳን ወዶ አይደለም፤ ባዶውም ቢሆን ያን ያህል ይመዝናል።

ውስጡ ምን ሞላው ብዬ ጠየቅሁ። ስህተት ሲፈጠር የት እንደተፈጠረ የሚያሳይ ካርታ አለ አለ፤ የሌባ መከላከያ አለ፤ ለትልልቅ ስልኮች የሚጠቅም፣ እኛ የማንነካው ዕቃም አለ።

"ማን ነው የሚከተው?"

"ቋንቋውን የሚሠሩት ሰዎች። ሩቅ ናቸው።"

"ስልካቸው ትልቅ ነው በሉኛ።"

"ትልቅ ነው።"

ያን ጊዜ የገባኝ ንዴት እስካሁን አልወጣልኝም። አንድ ቦታ የተቀመጡ ሰዎች ስለ ቢሊሴ ስልክ ሰምተው አያውቁም። ክፋትም የላቸውም። አላሰቧትም፤ በቃ። ቅቤ ላይ ሙዝ የሚከት ሰው እንኳ ገዢዋን ያስባታል።

ልወጣ ስል፣ አሁንም መደርደሪያውን እያየ፣ "አዲሱ መግባቱን ሳያዩ አሮጌውን እንዳያጠፉ ብዬ ልኬ ነበር" አለ።

ዘወር ብዬ አየሁት። እሱም ረስቶ ዞሮ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን።

ይህ ቃል አልደረሰኝም። ለንሳ ያን ዕለት ልጇ ታሞባት እንደነበር አሁን ነው ያስታወስኩት። ካርዱን በሩ ላይ ሰጥታኝ ሮጣ ሄደች። ልጄን አልወቅስም። የሁለት አዋቂ ሰዎችን ቃል ስምንት ዓመት የተሸከመች አንዲት ሴት አንዱን መንገድ ላይ ብትጥል ምን ይገርማል? ወጉን ደግሞ እኔ አላወጣሁትም።

"ሙዝ ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ።

ይቅርታ አልጠየቅሁም። እሱም አልጠበቀም።


ሐምሌ 9

በየቀኑ እሄዳለሁ። መናኸሪያው ሁሉ ያየኛል፤ ይየኝ። ፈትለወርቅ ዛሬ "አማችሽን ልታገቢው ነው እንዴ?" አለችኝ። መለስኩላት፤ የመለስኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ታግዶ ሳለ ነው የሚሠራው። ማንም አይከፍለውም። ካርታውን አወጣው፤ ከአሥራ ስድስት ወደ አሥራ ሦስት ተኩል ወረደ። ካርታው ከወጣ ሩቅ ገጠር፣ ካቺሲ ያለች ሴት ስልክ ላይ ፕሮግራሙ ቢሰበር የተሰበረበትን ቦታ ማወቅ አይችልም። ይሁን፣ ሄጄ አየዋለሁ አለ። አሥራ ሦስት ተኩል ግን አሁንም አይገባም።

ከዚያ ድምፁን አቀጠነው። አሰማኝ። በርሜል ውስጥ ገብቼ የማወራ ይመስላል። ጠ እና ተ አንድ ሆኑ። ቀ ስል ከ ይላል። በዚህ የተማረች ሴት ጤፍ ብላ የምትጽፈውን አስባችሁታል? መልሰው አልኩት። መልሱት ማለቴ ነው፤ እያደር አንተ ልለው እየዳዳኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ዝም አለ። አንድ ነገር ያውቃል፤ አይናገረውም። ቅቤ ስገዛ እንዲህ ያለ ዝምታ ሲገጥመኝ እቃውን ትቼ እሄድ ነበር። ዛሬ ግን ቁጭ አልኩ። ምሳ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ተናገረ። ከቀረው ሁሉ ከባዱ የእኔ ድምፅ ነው፤ ብቻውን ስድስት ሜጋባይት። እሱ ቢወጣ ፕሮግራሙ ከድሮውም ያንሳል፣ የሁሉም ስልክ ውስጥ ይገባል።

መቼ ነው ያወቁት አልኩት።

"ግንቦት ላይ።"

"ለምን አልላኩብኝም?"

"'የእናትሽን ድምፅ ላውጣው' ብዬ ለለንሳ መንገር አልቻልኩም።"


ሐምሌ 10

እንቅልፍ የለም። ያ ድምፅ የእኔ ነው። በሃምሳ ሁለት ዓመት የተማረች ሴት ድምፅ። ካቺሲ ውስጥ አይቼው የማላውቀው ቤት፣ ማታ ማታ፣ አንዲት ሴት ጣቷን ስታሳርፍ የምናገረው እኔ ነኝ። ስሞትም እናገራለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ይህንን ለማንም አልነገርኩም፤ ለራሴም ዛሬ ነው።

ምነው የእኔ ሆነ የሚወጣው? ሩቅ ያሉት ሰዎች የሌባ መከላከያቸውን፣ የማንነካውን ዕቃቸውን አላወጡም። የአምቦዋ ሲንቄ ትውጣ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ቦታ ሲጠብ ተነሽ የምትባለው አንድ ናት።

ተነስቼ አንዴ ሰማሁት። ሀ ሁ ሂ። ከዚያ አጠፋሁት።

ስድስት ሜጋባይት። ሠላሳ አንድ ሴት።


ሐምሌ 11

"ያውጡት" አልኩት። ገና በሩ ላይ እንዳለሁ። ሰላም ሳልለው።

እርግጠኛ ነዎት ወይ አላለኝም። እግዜር ይስጠው።


ነሐሴ 4

ጊንጪ።

አዲሱን ይዤ ሄድኩ፤ ሰባት ሜጋባይት ተኩል፣ በአዲሱ ቋንቋ የተጠቀለለ። አሮጌውንም ለብቻው በሌላ ካርድ ይዣለሁ። ማንም ስልኩን አልሰጠኝም። ሰላምታው ብዙ ነበር፤ ስልክ ግን አንድም አልወጣ። የሚያዳምጠው ነገር ወጥቶለታል ወይ ብላ አንዷ ጠየቀች። ድሮም አልነበረበትም አልኩ። ተያዩ። ፊት የተናገርኩትን ያስታውሳሉ፤ ቅቤ ነጋዴ ሁለት ጊዜ ሁለት ዋጋ ስትጠራ ማን ያምናታል?

አንድ ጆንያ ላይ ወጣሁ። እግሬ አይረባም፤ ቢሊሴ ክንዴን ያዘችኝ፣ ኩርፊያዋን ሳትተው።

"ሮብሳን ምንም አልቀላቀለበትም" አልኩ። ጮክ ብዬ።

ገበያው ያ ሁሉ ጫጫታ እያለ አጠገቤ ያለው ክብ ዝም አለ። አማት የአማቿን ስም በአደባባይ ጠራች። አንዲት ትልቅ ሴት አፏን በእጇ ያዘች። ሌላዋ "ስሙን ጠራችው እኮ" አለች፣ ልክ እኔ እዚያ እንደሌለሁ። አዎ ጠራሁት። ደግሜም ጠራሁት። ሮብሳን ንጹሕ ነው፣ ሙዝ ያልኩት እኔ ነኝ፣ የከበደው ጥቅልሉ ነው አልኩ። እዚህ ያሉት ሴቶች አማት ስም በከንቱ እንደማትጠራ ያውቃሉ። ቢምሉላቸው የማያምኑትን በዚህ አመኑት።

መጀመሪያ ስልኳን የሰጠችኝ ቢሊሴ ነች። ገባ። ከልጆቿ ፎቶ አንድም ሳይነካ፣ ከባሏ መዝሙር አንድም ሳይነካ። መዝሙሩ ቢነካ ደስ ይለኝ ነበር አለች።

ፊደሉን ነካችው። ዝም አለ። እንደገና ነካችው። "ድምፅዎስ?" አለችኝ።

"ወጥቶ ነው የገባልሽ" አልኳት።

ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ጣቷን ወደ ፊደሉ መለሰች። ጆንያው ላይ ተቀመጥኩና እሷ ስትነካ እኔ ተናገርኩ። ጠ። ጡ። ጢ። ሌሎቹ ተሰበሰቡ፣ እየነኩ ይስቃሉ፣ ሆን ብለው ያፈጥኑብኛል። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። ይህ ድምፅ የማንንም ሜሞሪ አይሞላም።

ሃያ ስልክ ላይ ጭኜ ተመለስኩ። ማታ ለንሳ መጣች። ወሬው ቀድሞኝ አምቦ ገብቷል። "እማዬ ምን አደረግሽ" አለች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁትም።


ነሐሴ 21

አቶ ሥዩም ሮብሳንንም እኔንም ጠራን። አንድ ክፍል ውስጥ፣ ጎን ለጎን ወንበር። ሮብሳን ተነስቶ ሊወጣ አልሞከረም፤ እኔም ግድግዳውን አላየሁም።

ነገሩ ተጣርቷል አለ ሥዩም፤ ሮብሳን ወደ ሥራው መመለስ ይችላል። ግን ትንሹ ፕሮግራም አይቆጠርም። ለእንግዶቹ ቃል የተገባው የሚናገር ፕሮግራም ነው፤ የእኛ ዲዳ ነው። ስለዚህ ትልቁ በአሥራ ሁለቱ ስልኮች ላይ ይጫናል፣ የመረጥኳቸው ሴቶች የዛሬ ሳምንት እንግዶቹ ፊት ያነባሉ፣ እኔም መሀላቸው ቆሜ ፎቶ እነሳለሁ። ትንሹን መያዝ ከፈለግን በራሳችን ጊዜና በራሳችን ወጪ ነው። በጥሩ ሁኔታ ነው የተናገረው፤ ክፉ ሰው አይደለም። በየጊዜው "እማማ" ይለኛል።

ሮብሳን መጀመሪያ ተናገረ። "አዴ ሲንቄ እንዳሉ ይሁን" አለ። ስሜን ጠራ። ሥዩም ምን እንደሰማ አላወቀም።

እኔም ተናገርኩ። ከአሥራ ሁለቱ ጋር ሄጄ ተነጋግሬያለሁ፤ ስልኮቹን አልፈለግንም ያሉት ዘጠኙ ናቸው። ሦስቱ ተቆጥተውኛል፣ አንዷ ሰላምታ ነስታኛለች፤ እውነቷን ነው፣ አዲስ ስልክ ከእጇ ወስጄባታለሁ። እንግዶቹ ከመጡ ጊንጪ ገበያ ይምጡ፤ ጭቃ ነው፣ ጫማቸውን ይምረጡ። ስልኮቹን ለፈለጉት ይስጡ። መስከረም ላይ ቋንቋው እንደገና አዲስ ይወጣል አሉ። ይውጣ። መጀመሪያ ቢሊሴ ስልክ ውስጥ እናስገባዋለን፤ ካልገባ ባለበት ይቆያል።

እርስዎ ከመረጧቸው በኋላ ይህ እንዴት ይሆናል አለኝ ሥዩም።

አዎ መርጬ ነበር። እጅ የነሱኝን መረጥኩ፣ መረጥሽ ስባልም ጥሩ ስሜት ተሰማኝ፤ ስልክሽ ትንሽ ነው ብዬም ሴት ፊት ተናገርኩ። ለእሱ ይህን አልነገርኩትም፤ አይገባውም። ለእሱ ያልኩት አጭር ነው፦ አሁን ትንሹ አርባውም ስልክ ውስጥ ይገባል፣ ከአርባዎቹ ውስጥ ለማንም እንግዳ ብዬ፣ ለማንም ፎቶ ብዬ ከእንግዲህ ሴት አልመርጥም።